በካታሊሲስና በታዳሽ ኃይል ቁሶች ኬሚስትሪ ላይ ለሚሠሩ የተማሪዎች ምርምሮች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በድሬዳዋ፣ በሐረርና በሐረማያ ኬሚስትሪ ወይም ኬሚካል ምህንድስና እየተማሩ የመመረቂያ ምርምራቸውን በካታሊስቶች፣ በባዮዲዝል፣ በኃይል ማከማቻ ቁሶች ወይም ውሃን በብርሃን በማጽዳት ላይ ለመሥራት ላሰቡ ተማሪዎች ነው። ጥያቄዎቹ ፕሮፖዛል በሚጻፍበትና ሙከራ በሚጀመርበት ወቅት ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም ጥሩ የተማሪ ምርምር ማለት ርዕሱ የገዘፈ ሳይሆን ጥያቄው ጠባብ የሆነ፣ እጅ ላይ ባለው መሣሪያ ሊለካ የሚችል፣ የምንሠራበትንም አካባቢ ሁኔታ ከቁጥር ያስገባ ምርምር ነው የሚለው ነው።

ካታሊሲስና የታዳሽ ኃይል ቁሶች በአንድነት የሚጠኑት ለምንድን ነው?

ካታሊስት የአንድን ኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት የሚጨምር፣ ለውጡ ሲያበቃ ግን ራሱ ሳያልቅ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ለውጡ በመጨረሻ የሚደርስበትን ሚዛን አይቀይርም፤ እዚያ ለመድረስ የሚጠይቀውን ጊዜና ጉልበት ግን ይቀንሳል። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ዘይትን ወደ ባዮዲዝል መለወጥ፣ በፀሐይ ብርሃን የተበከለ ውሃ ማጽዳት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠጣር ቁስ ገጽ ላይ የሚካሄዱ ለውጦች በመሆናቸው የሚጠኑበት ዘዴም ተቀራራቢ ነው። ለአገራችን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ገበሬው ማሳ የሚደርሰው ዩሪያ ራሱ መነሻው በብረት ካታሊስት ላይ፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት የሚመረተው አሞኒያ ነው።

ርዕስ እንዴት ልምረጥ?

አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቶ ማሰብ ይገባል። ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት የመጀመሪያ ርዕስ ብዙውን ጊዜ «ለዘላቂ ልማት የሚያገለግል ናኖ ካታሊስት ማዘጋጀት፣ ባሕርዩን ማጥናትና በጥቅም ላይ ማዋል» የሚል ዓይነት ነው። በዚህ ርዕስ ውስጥ ምን እንደሚለካ፣ ከምን ጋር እንደሚነጻጸርና ምን ዓይነት ውጤት ቢገኝ መላምቱ ውድቅ እንደሚሆን የሚያመለክት አንድም ቃል የለም። ከዚህ ይልቅ «ከድሬዳዋ ዙሪያ የተወሰደ የኖራ ድንጋይ በ800፣ በ850 እና በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል፣ ያገለገለ የመጥበሻ ዘይትን ወደ ባዮዲዝል የመለወጥ አቅሙ እንዴት ይለያያል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ የሚለወጠው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም የማቃጠያው ሙቀት ነው። የሚለካውም አንድ ነው፤ እርሱም የባዮዲዝሉ መጠን ነው። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይጠበቃል።

ርዕሳችሁን ለአማካሪ መምህራችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ለራሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የምለካው ቁጥር ምንድን ነው? ያንን ቁጥር የሚሰጠኝ መሣሪያ በዚህ ከተማ አለ ወይስ ናሙናዬን ወደ ሌላ ቦታ መላክ አለብኝ? የጠበቅሁት ባይሆን እንዴት አውቃለሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ተማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ገና ርዕስ አልያዘም።

በተለይ ልጠቁም የምፈልገው አንድ ማራኪ ርዕስ አለ፤ ከአየር ናይትሮጅን በኤሌክትሪክ አሞኒያ ማምረት ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ሙከራ የሚገኘው አሞኒያ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ከአየሩ፣ ከጓንት፣ ከኬሚካሎቹ ወይም በውሃ ውስጥ ካለ ናይትሬት የመጣ አሞኒያ በቀላሉ የካታሊስቱ ሥራ ሊመስል ይችላል። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ናይትሬት የሚበዛበት መሆኑ በጥናት ይታወቃል። ትክክለኛው ማረጋገጫ በናይትሮጅን 15 አይሶቶፕ (ከተራው ናይትሮጅን በክብደቱ በሚለይ ናይትሮጅን) የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ይህ በሌለበት ለመጀመሪያ ዲግሪ ምርምር አልመክረውም።

በአካባቢያችን ለምርምር የሚሆን ምን ጥሬ ዕቃ አለ?

ብዙ አለ። የድሬዳዋ ዙሪያ በኖራ ድንጋይ የበለጸገ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በከተማዋ የተተከሉትም ይህን ጥሬ ዕቃ ተከትለው ነው። የኖራ ድንጋይ፣ የቁርስ ቤቶችና የኬክ ቤቶች የሚጥሉት የእንቁላል ቅርፊትም ጭምር፣ በብዛት ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ሲቃጠሉም ካልሲየም ኦክሳይድ የተባለውን ጠንካራ ቤዝ ይሰጣሉ። ለካርቦን የሚሆነው ደግሞ ሞልቷል። ከባቢሌ የሚመጣው የለውዝ ቅርፊት፣ የሐረር ቡና በደረቁ ስለሚፈለፈል የሚተርፈው ገለባ፣ የማሽላ አገዳ፣ ከገበያ የሚጠረገው የጫት ገራባም ቢሆን ወደ አክቲቬትድ ካርቦን (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደበዙበት ካርቦን) ሊለወጡ ይችላሉ። ገራባው በእርግጥ የፍየሎች ቀለብ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም «ቆሻሻ» የተባለ ጥሬ ዕቃ ለሌላ ሰው ወይም ለእንስሳት አገልግሎት የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቆ በምርምሩ መግቢያ ላይ መግለጽ ተገቢ ነው።

የአካባቢ ጥሬ ዕቃ አንድ ችግር አለበት፤ በየጊዜው አንድ ዓይነት አይደለም። በጥቅምት የተገዛ የለውዝ ቅርፊት በግንቦት ከተገዛው በእርጥበቱም በአፈሩም ሊለይ ይችላል። የቡና ገለባ ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት በመሆኑ አመዱ ብዙ ነው፤ በቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድና ቀጥሎ በተጣራ ውሃ ካልታጠበ፣ የተለካው የካርቦኑ ባሕርይ ይሁን የአመዱ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ለጠቅላላ ምርምሩ የሚበቃችሁን በአንድ ጊዜ ሰብስቡ፤ አድርቁ፤ ፈጭታችሁ ወንፉት፤ የተወሰደበትን ቦታና ቀን በማሰሮው ላይ ጻፉ። በአምስት መቶ ዲግሪ አንድ ሰዓት የተቃጠለ ትንሽ ናሙና ምን ያህል አመድ እንደተወ መመዘንም የሚጠይቀው ሚዛንና ምድጃ ብቻ ነው።

ካርቦኑን ለማንቃት፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን ለማብዛት፣ የቱ ኬሚካል ይሻላል? ጽሑፎች በብዛት የሚጠቅሱት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን ነው፤ ነገር ግን ይህ ዘዴ ከ700 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ የናይትሮጅን ጋዝና የኒኬል ማቅለጫ ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ብረታማ ፖታሲየም ሊፈጠር ስለሚችል፣ የቀዘቀዘውን ናሙና በድንገት ውሃ ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው። የናይትሮጅን ሲሊንደር በሌለበት ላቦራቶሪ ፎስፎሪክ አሲድ ተመራጭ ነው፤ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ ክዳኑ በደንብ በተዘጋ የሸክላ ማቅለጫ ጥሩ ቀዳዳማ ካርቦን ይሰጣል።

ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ለባዮዲዝል ምርምር ይሆናል?

ይሆናል፤ ለጀማሪም ከሁሉ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ካታሊስቱ፣ ጥሬ ዕቃውና መለኪያው ሁሉ በቅርብ ይገኛሉ። የሳምቡሳ መጥበሻ ዘይት በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በመጋላም በከዚራም፣ ማንኛውም ተማሪ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ዘይቱ ደጋግሞ የተጠበሰበት በመሆኑ ነፃ የሰባ አሲድና ውሃ ይኖረዋል፤ ሁለቱም ከቤዝ ካታሊስት ጋር ሲገናኙ ሳሙና ይፈጥራሉ፤ ሳሙናው ደግሞ ባዮዲዝሉ ከግሊሰሪኑ እንዳይለይ ያደርጋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከካታሊስቱ ሳይሆን ከዘይቱ ነው። ዘይቱ በጨርቅ ይጠለል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ውሃው እስኪወጣ ይቆይ፤ ከዚያም የአሲድ ቁጥሩ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬሽን (አሲዱን ለማጥፋት የሚበቃውን ቤዝ በመለካት) ይለካ። የአሲድ ቁጥሩ ለአንድ ግራም ዘይት 2 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ፣ ነፃ የሰባ አሲዱ 1 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ በመጀመሪያ በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድና በሜታኖል አሲዱን የባዮዲዝሉ ዋና ውህድ ወደሆነው ኤስተር መለወጥ፣ ቀጥሎም ወደ ቤዝ ካታሊስቱ መሄድ ያስፈልጋል።

ካታሊስቱን በተመለከተ ደግሞ ሚዛን ብቻውን ብዙ ይናገራል። ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከክብደቱ 44 በመቶ ያህሉን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ያጣል። 10 ግራም የኖራ ድንጋይ ለሦስት ሰዓት በ900 ዲግሪ ቆይቶ 5.6 ግራም አካባቢ ከቀረ መቃጠሉ ተጠናቋል፤ 7 ግራም ከቀረ ግን ገና ካርቦኔት አለበት፤ ወይም ድንጋዩ ከመጀመሪያውም አሸዋና ሸክላ የበዛበት ነበር። ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ ሳምንታት የሚጠበቅለት የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል ዓይነት መለያ) ውጤት ከመምጣቱ በፊት ይህን ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። የተቃጠለው ዱቄት ከአየሩ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ስለሚወስድ፣ ገና ትኩስ ሳለ ወደ ዴሲኬተር (እርጥበት ወደማይገባበት ዝግ ዕቃ) ገብቶ በማግስቱ ጥቅም ላይ መዋል አለበት።

ለ100 ግራም ዘይት፣ ሜታኖሉ ከዘይቱ በሞል ዘጠኝ እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ፣ 41 ሚሊ ሊትር ገደማ ሜታኖል ያስፈልጋል። ውጤቱ ከተገኘ በኋላ ሁለት ሙከራዎችን ሳታደርጉ ካታሊስቱ ሠራ አትበሉ። የመጀመሪያው የማማሰያውን ፍጥነት ለውጦ ማየት ነው፤ ማማሰያው ሲፈጥን ለውጡም አብሮ ከፈጠነ፣ የለካችሁት የዘይቱንና የሜታኖሉን መደባለቅ እንጂ የካታሊስቱን ብቃት አይደለም። ሁለተኛው ለውጡ ግማሽ ሲደርስ ጠጣሩን በትኩሱ አጥልሎ ማውጣትና ፈሳሹን ብቻውን ማስቀጠል ነው። ካልሲየም በሜታኖልና በግሊሰሪን ውስጥ በጥቂቱ ይሟሟል፤ ካታሊስቱ ከወጣ በኋላም ለውጡ ከቀጠለ ሥራውን የሚሠራው የሟሟው ክፍል ነው፤ «ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ጠጣር ካታሊስት» የሚለው አባባልም አይጸናም።

በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ባዮዲዝል ቢያንስ 96.5 በመቶ ኤስተር ሊኖረው ይገባል። ይህን ለማረጋገጥ ጋዝ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን ለያይቶ የእያንዳንዱን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከሌለ ዝልግልግነትን፣ ጥግግትንና የአሲድ ቁጥርን ለክቶ በልኩ መናገር ይሻላል።

የምንገኝበት ከፍታ በሙከራው ላይ ለውጥ ያመጣል?

በእርግጥ ያመጣል፤ በምርምር ጽሑፎቻችንም በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ሐረማያ ከዚያም ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቱ በድሬዳዋ 88፣ በሐረር 81 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 101 ነው። ሜታኖል በባሕር ጠለል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፤ በድሬዳዋ በ61፣ በሐረር በ59 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከውጭ አገር ጽሑፍ ተወስዶ «ሙከራው በ65 ዲግሪ በሪፍላክስ ተካሄደ» (ማለትም ትነቱ እየቀዘቀዘ ወደ ብልቃጡ በሚመለስበት አፈላል) ተብሎ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር፣ ሙከራው ክፍት ኮንዴንሰር ባለው ብልቃጥ ሐረር ላይ የተሠራ ከሆነ፣ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ቴርሞሜትሩን ፈሳሹ ውስጥ አግብታችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ። በሁለቱ ከተሞች የሚሠሩ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ካታሊስት ይዘው የተለያየ ውጤት ቢያገኙ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

በጋዝ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ውሃን በ1 አምፔር ለአንድ ሰዓት ብንከፍል፣ በፋራዳይ ሕግ መሠረት የሚወጣው ሃይድሮጅን 0.0187 ሞል ያህል ነው። ይህ ደረቅ ጋዝ በድሬዳዋ በ25 ዲግሪ 525 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፍ ያጠናውን 22.4 ሊትር በሞል ወስዶ ካሰላ ግን የሚጠብቀው 418 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በዚህ ስሌት የሥራ ብቃቱ 125 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ሊሆን የማይችል ቁጥር ነው። አንድ ሞል ጋዝ በ25 ዲግሪ በድሬዳዋ 28 ሊትር፣ በሐረር ከ30 ሊትር በላይ ይይዛል። ጋዙ የተሰበሰበው በውሃ ላይ ከሆነ የውሃው ትነት ግፊትም ይቀነሳል። የዕለቱን የአየር ግፊት ከባሮሜትር አንብቦ በማስታወሻ ደብተር ላይ ማስፈር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የቧንቧ ውሃ ብጠቀም ችግር አለው?

አለው። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ጋር የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል፤ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ያ ቅርፊት በኤሌክትሮድ ላይም ይጋገራል። ውሃ ሲከፈል ሃይድሮጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ (በካቶዱ) ዙሪያ ቤዝነቱ ስለሚጨምር ካልሲየም ካርቦኔት ገጹን ይሸፍነዋል፤ ተማሪው ግን «ካታሊስቱ ደከመ» ብሎ ይጽፋል። በውሃው ያለው ክሎራይድም ኦክስጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ (በአኖዱ) ላይ ወደ ክሎሪን ሊለወጥ ስለሚችል ሁሉንም ጋዝ ኦክስጅን ነው ብሎ መቁጠር አይቻልም።

ብልቃጥን መጀመሪያ ለማጠብ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ለመጨረሻው እጥበት፣ ኬሚካል ለማሟሟትና ናሙና ለማጠብ ግን ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ፤ የዲስቲለሩም ውሃ በኮንዳክቲቪቲ መለኪያ በየጊዜው ይፈተሽ።

ከዕፅዋት ቅጠል ናኖ ቁስ ማዘጋጀት ጥሩ ርዕስ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙ የተሠራበት በመሆኑ አዲስ ነገር ማምጣት ከባድ ነው። የተለመደው አሠራር የአንድን ተክል ቅጠል ቀቅሎ ከዚንክ ናይትሬት ወይም ከዚንክ አሲቴት ጋር ማደባለቅ፣ ከዚያም በ400 ወይም በ500 ዲግሪ ማቃጠል ነው። ችግሩ ዚንክ ናይትሬት ቅጠል ሳይጨመርበትም በዚያ ሙቀት ዚንክ ኦክሳይድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ዚንክ ኦክሳይድ ተገኘ ወይ?» ሊሆን አይገባም። ቅጠሉ በቅንጣቱ መጠን፣ በቅርጹ ወይም በሥራው ላይ ያመጣው ለውጥ አለ ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ ይህም የሚመለሰው ያለ ቅጠል በተዘጋጀ፣ በሌላው ሁሉ ግን ተመሳሳይ በሆነ ናሙና ብቻ ነው። ያ ናሙና በፕሮፖዛሉ ውስጥ ከሌለ ምርምሩ ዋና መሠረቱ ጎድሎታል።

ማቅለሚያን በፀሐይ ብርሃን ማጽዳት ላይ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ ውሃ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ በብርሃን ሊከፈል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳወቁ ወዲህ ይህ መስክ በዓለም ዙሪያ ሰፍቷል። የድሬዳዋ ፀሐይ ለዚህ ምርምር ትልቅ ሀብት ናት። ሆኖም አናታዝ የተባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚቀበለው ከ387 ናኖ ሜትር በታች ያለውን ብርሃን ነው፤ ይህም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ተማሪዎች የሚመርጡት ሜቲሊን ብሉን ነው፤ ርካሽ ነው፤ በ664 ናኖ ሜትርም በዩቪ ቪዚብል (ናሙናው የሚቀበለውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በቀላሉ ይለካል። ነገር ግን ይህ ማቅለሚያ ራሱ ብርሃን ይቀበላል፤ ያለ ካታሊስትም በፀሐይ ይደበዝዛል፤ በዱቄቱ ገጽ ላይም ይጣበቃል። በመሆኑም ቢያንስ ሦስት ብልቃጦች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፤ አንዱ ካታሊስት ያለው፣ አንዱ የሌለው፣ አንዱ ደግሞ ካታሊስት ኖሮት በአሉሚኒየም ፎይል የተጠቀለለ። ከመጀመሩ በፊትም ድብልቁ በጨለማ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ትናንት የተሠራውን ከዛሬው ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ የትናንቱ ፀሐይና የዛሬው እኩል አይደሉምና። የቀለሙ መጥፋትም የሞለኪዩሉን መፍረስ አያረጋግጥም፤ አቅም ካለ እንደ ፌኖል ያለ ቀለም አልባ ንጥረ ነገር ጨምሮ መሞከር ውጤቱን እጅግ ያጠናክረዋል።

ለሱፐርካፓሲተርና ለውሃ መክፈያ ኤሌክትሮድ ጽሑፎች ላይ የማያቸው ቁጥሮች ከእኔ ጋር ለምን አይገጥሙም?

ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የእናንተ አይደለም። በሦስት ኤሌክትሮድ የተለካ የሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክን በፍጥነት የሚያከማችና የሚለቅ መሣሪያ) ካፓሲታንስ፣ ማለትም የማከማቸት አቅም፣ በሁለት ኤሌክትሮድ ከተለካው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። በኤሌክትሮዱ ላይ የተቀባው ካርቦን አንድ ሚሊ ግራም ብቻ ሲሆን፣ በሚዛን የሚፈጠር ጥቂት ስሕተት በግራም የሚሰላውን ቁጥር እጅግ ሊያገዝፈው ይችላል። ስለዚህ ክብደቱን፣ የቀባችሁትን ስፋትና የአሞላሉን ፍጥነት ከውጤቱ ጋር አብራችሁ ጻፉ።

የሃይድሮጅን ካታሊስት እየፈተናችሁ ከሆነ በተቃራኒው በኩል ፕላቲኒየም አታድርጉ፤ ፕላቲኒየሙ በጥቂቱ እየሟሟ በካታሊስታችሁ ላይ ሊቀመጥና ምስጋናው ለማይገባው ሊሰጥ ይችላል። የግራፋይት ዘንግ ይበቃል። በኒኬል ላይ ኦክስጅን የምታመነጩ ከሆነ ደግሞ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ በቆሻሻነት የሚገኝ እጅግ ጥቂት ብረት የኒኬሉን ሥራ በግልጽ እንደሚያሻሽል ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኬሚካሉን ደረጃና የጠርሙሱን ቁጥር መመዝገብ የሚያሻው ለዚህ ነው።

መሣሪያ ስለሌለን ናሙና ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አዳማ መላክ ግድ ነው?

ለአንዳንዱ ግድ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምን ዓይነት ክሪስታል እንደተሠራ ይነግራል፤ የገጽ ስፋት መለኪያው ቀዳዳዎቹን ያሳያል፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅርጹን ያሳያል። አንዳቸውም ካታሊስቱ ጥሩ መሆኑን አይነግሩም። ይህን የሚነግረው በራሳችሁ ላቦራቶሪ የምትሠሩት የፍጥነት ልኬት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁሉንም ናሙናዎች በሥራ ፈትኑ፤ ከዚያ ከሁሉ የተሻለውን፣ ከሁሉ የደከመውንና ከአገልግሎት በኋላ የተሰበሰበውን ብቻ ላኩ። ሦስተኛውን የሚልክ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ካታሊስቱ ለምን እንደደከመ የሚያስረዳው ግን እርሱ ነው።

መብራት በመሃል ቢጠፋስ?

ምድጃው ቀዝቅዞ እንደገና ከተነሣ ናሙናው ያው ናሙና አይደለም። የጠፋበትን ሰዓትና በዚያ ጊዜ የነበረውን ሙቀት መዝግባችሁ ከአዲስ ናሙና ጀምሩ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊሳተፉ ይችላሉ?

ይችላሉ። የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን መፍረስ በእርሾ፣ በድንች ወይም በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ እያፋጠኑ የሚወጣውን ኦክስጅን በተገለበጠ መለኪያ ቱቦ መሰብሰብ፣ የኬሚስትሪን የፍጥነት ሕግ በእጅ የሚያስጨብጥ ሙከራ ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ የሆነው ይበቃል፤ መምህር ግን መገኘት አለበት።

ስለ ደኅንነት በተለይ ለአካባቢያችን የሚነገር አለ?

አለ። ዳይኢታይል ኢተር በባሕር ጠለል በ34.6 ዲግሪ ይፈላል፤ በድሬዳዋ ግን በ30 ዲግሪ ገደማ ነው። በግንቦትና በሰኔ የኬሚካል መጋዘኑ ሙቀት ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ሊገነፍል፣ ትነቱም ወለል ለወለል ሄዶ ከሩቅ እሳት ሊያነሣ ይችላል። አሮጌ ኢተር ፐርኦክሳይድ ፈጥሮ ሊፈነዳ ስለሚችል የተከፈተበት ቀን ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ተማሪ አይንካ። ኢተር የማይፈልግ ዘዴ ካለ እርሱን ምረጡ።

ሜታኖል መርዝ ነው፤ ሲጠጣ ያሳውራል፣ ይገድላል፤ በቆዳም ይገባል። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቡታ ጋዝ ወይም በከሰል ምድጃ ሳይሆን ብልቃጡን በሞቀ ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ ይሞቅ፤ ሥራውም በፊውም ሁድ ወይም አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ክፍል ይሁን። ባዮዲዝልን በቤት ውስጥ፣ በማድቤት ለመሞከር የሚያስቡ ተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አጥብቄ የምለምናቸው እንዳያደርጉት ነው።

ውጤቴ ከጠበቅሁት ተቃራኒ ከሆነ ምርምሬ ወደቀ ማለት ነው?

አይደለም። በ900 ዲግሪ የተቃጠለው ኖራ በ800 ከተቃጠለው የባሰ ሆኖ ከተገኘ፣ ልኬቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ልዩነቱ ከስሕተት ወሰኑ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ያ ራሱ ግኝት ነው፤ ቅንጣቶቹ በሙቀት ተጣብቀው የገጽ ስፋታቸው ቀንሶ ሊሆን ይችላልና ይመርመር። ውድቀት የሚባለው ያልተመቸውን ነጥብ ከግራፉ ላይ ማንሣት ነው። አንድ ነጥብ የሚወገደው በሙከራው ዕለት በደብተሩ ላይ የተጻፈ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ኬሚካል የት ይጣላል?

ኒኬል፣ ኮባልት፣ ክሮሚየምና መዳብ ያለበት ፈሳሽ በምንም ምክንያት ወደ መታጠቢያ ገንዳ አይደፋ። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። በአብዛኛው የሚሠራው በቤዝ አሲዱን ማጥፋት፣ ብረታማውን ንጥረ ነገር በሃይድሮክሳይድ መልክ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን አድርቆ ስም፣ መጠንና ቀን በተጻፈበት ማሰሮ ለላቦራቶሪው ቴክኒሻን ማስረከብ ነው፤ ክሮሚየሙ ባለ ስድስት ቫለንስ ከሆነ ግን በቅድሚያ ወደ ባለ ሦስት መቀነስ አለበት። የተረፈ ሜታኖል በዲስቲሌሽን ተመልሶ ይሰብሰብ። ግሊሰሪኑ ሜታኖል ስላለበት ለሳሙና ሠሪ አይሰጥ፤ በቅድሚያ ሜታኖሉ ይውጣለት። ከእያንዳንዱ ካታሊስት ጥቂት ግራም ደግሞ በታሸገ ጠርሙስ፣ ከደብተሩ ገጽ ቁጥር ጋር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀመጥ።